መስጠትም ክፉ፣ መንፈግም ክፉ፦ እርጅና፣ ሀብትና የቤተሰብ ጥርጣሬ በቴአትር መድረክ

ያረጀ ወላጅ፣ የተጠራቀመ ሀብትና ተራቸውን የሚጠብቁ ልጆች በአንድ ቤት ከተገናኙ ቴአትር ጸሐፊ ሌላ ብዙ ነገር አያስፈልገውም። ግጭቱም ምስጢሩም፣ ሳቁም ለቅሶውም እዚያው አለ። ከጥንቷ አቴና እስከ ዛሬዋ ፓሪስ፣ ከለንደን እስከ ሙምባይ፣ ደራስያን ወደዚህ ቤት ደጋግመው የገቡት በከንቱ አይደለም። ሥራዎቹን ጎን ለጎን ያስቀመጠ አንባቢ ግን አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ በወላጅና በልጅ መካከል ያለው ጥርጣሬ ከየት ይመጣል? ሁለት መልሶች ሁልጊዜ አፍ ላይ ይገኛሉ። አንደኛው ልጆቹ ውለታ ቢሶች ናቸው፣ ዓይናቸው ያረፈው ውርሱ ላይ ነው ይላል። ሁለተኛው ሽማግሌው ራሱ ንፉግ ነው፣ አለዚያም ጃጅቷል ይላል። የዚህ ዳሰሳ ሐሳብ ሁለቱም መልሶች ለደካማ ቴአትር እንጂ ለጠንካራው አይበቁም የሚል ነው። ዘመን የተሻገሩት ሥራዎች በአንድ ላይ ሲታዩ፣ ጥርጣሬ የሚበቅለው መጦርና መውረስ በአንድ ያልተነገረ ውል ሲታሰሩ መሆኑን ያሳያሉ። ወላጅ ለልጁ የዋለውን ያስታውሳል፤ ልጅም ለወላጁ ሲል የተወውን ይቆጥራል፤ ሒሳቡን ግን በግልጽ አውጥቶ፣ እማኝ አስቀምጦ የሚያወራርደው የለም። ገንዘቡ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ ሲመጣም ያልተነገረው ሁሉ መለኪያ ይሆናል።

ጉዳዩ ወደ መድረክ ከመውጣቱ በፊት ፍርድ ቤት ያውቀው ነበር። በጥንታዊቷ አቴና ወላጁን ያጎሳቆለ ልጅ የሚከሰስበት ሕግ ነበረ፤ በአንጻሩም ልጅ አባቱ አእምሮው ስለ ደከመ ንብረቱን ማስተዳደር አይችልም ብሎ ዳኛ ፊት ማቆም ይችል ነበር። ሮማዊው ሲሴሮ ስለ እርጅና በጻፈው መጽሐፍ ሶፎክልስ በስተርጅናው በልጆቹ እንዲህ ተከሶ፣ ያን ጊዜ ይጽፈው የነበረውን «ኤዲፐስ በኮሎነስ» ለዳኞች አንብቦ፣ ይህን የጻፈ ሰው የጃጀ ይመስላችኋል ወይ ብሎ ነጻ እንደ ወጣ ይተርካል። ታሪክ ጸሐፍት ወሬውን በጥርጣሬ ያዩታል። ቢሆንም ቴአትሩ ራሱ ለወሬው መነሻ ይሆናል። ሶፎክልስ ከሞተ በኋላ፣ በ401 ከክርስቶስ ልደት በፊት ለተመልካች በቀረበው በዚህ ሥራ፣ ዓይነ ስውሩ ኤዲፐስ ሲሰደድ ዝም ብለው ያዩት ወንዶች ልጆቹ ናቸው፤ እጁን ይዘው የመሩት ደግሞ ሴቶቹ። ሽማግሌው ወርቅ የለውም። ያለው ሀብት መቃብሩ የሚያርፍበትን አገር የሚጠብቅ በረከትና ለልጆቹ የሚሰጠው ወይም የሚነፍገው ቃል ብቻ ነው። ልጁ ፖሊኒቀስ ለጦርነቱ የአባቱን ድጋፍ ፈልጎ ሲመጣ የተቀበለው እርግማን ነው። ምርቃትም እርግማንም ከርስት ጋር እኩል የሚወረስ መሆኑን ለሚያውቅ የአማርኛ ተመልካች ይህ ትዕይንት ማብራሪያ አያስፈልገውም። የጥያቄው ሥርም እዚህ ይታያል፤ ልጁ አባቱን ያስታወሰው የሚፈልገው ነገር በአባቱ እጅ ሲገኝ ነው፣ አባትም ያለችውን አንዲት ሀብት ለበቀል አዋላት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ቴአትር በሁለት መንገድ ተከፈለ። የመጀመሪያው ሀብቱን አልለቅም ያለው ሽማግሌ መንገድ ነው፤ እሱም በአብዛኛው ኮሜዲ ሆነ። ሮማዊው ፕላውተስ ወርቅ የሞላበት ማሰሮ ያገኘ ምስኪን ሽማግሌ እንቅልፍ አጥቶ ሁሉንም ሰው ሲጠረጥር አሳየ። ሞሊየር ይህን መነሻ ወስዶ በ1668 እ.ኤ.አ. «ንፉጉ»ን ሠራ። ስልሳ ዓመት ያለፈው አርፓጎን አሥር ሺህ ኤኩ በአትክልት ቦታው ቀብሮ ልጆቹን እንደ ሌባ ይጠብቃል። የሞሊየር ብልኀት የታየው ግን ከተቀበረው ሣጥን ይልቅ በብድሩ ትዕይንት ነው። ወንድ ልጁ ክሌዮንት ገንዘብ ቸግሮት በደላላ በኩል በከባድ ወለድ ሊበደር ይሄዳል፤ ማንነቱን የደበቀው አራጣ አበዳሪ የገዛ አባቱ ሆኖ ይገኛል። አባትና ልጅ በብድር ውል የተገናኙት እንደማይተዋወቁ ሰዎች ነው። ከሞሊየር ስልሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ቤን ጆንሰን በ«ቮልፖኒ» ቀልዱን ወደ ሌላ ጫፍ ወስዶት ነበር። ልጅ የሌለው የቬኒስ ሀብታም ሊሞት የደረሰ መስሎ ይተኛል፤ ውርስ የቋመጡት ስጦታ ይዘው ይጎርፋሉ። ከእነሱም አንዱ፣ ራሱ በመቃብር አፋፍ ያለው ኮርባቾ፣ ይበልጥ አተርፋለሁ ብሎ የገዛ ልጁን ከውርስ ይነቅላል። የመንፈጉ ቴአትር ሳቅ ከዚህ ይመነጫል፤ ሁሉም ሰው የሌላውን ልብ አውቃለሁ ብሎ ይወራረዳል፣ ሁሉም ይሳሳታል።

ሁለተኛው መንገድ ሀብቱን አስቀድሞ የሚያከፋፍለው ሽማግሌ ነው፤ እሱ ደግሞ ወደ መከራ ያመራል። በ1606 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የታየው የሼክስፒር «ንጉሥ ሊር» የዚህ ሁሉ አባት ነው። ሰማንያ ያለፈው ንጉሥ ግዛቱን ለሦስት ሴቶች ልጆቹ ሊያካፍል ሲነሣ ድርሻቸውን የሚለካው ስለ ፍቅራቸው በሚናገሩት ቃል ነው። ብዙ ተመልካች የሊር ስሕተት መስጠቱ ነው ብሎ ይወጣል፤ ጽሑፉ ግን ከዚያ የጠበቀ ነገር ይላል። ሊር ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አደረገ፤ ፍቅርን በአደባባይ ለጨረታ አወጣ፣ የራሱን ጡረታ ደግሞ ሳያስረው ተወው። መቶ ፈረሰኞቹን ይዞ በልጆቹ ቤት በየወሩ እየተፈራረቀ እንደሚኖር ተናገረ እንጂ ማን ምን እንደሚችል፣ ወጪው ከየት እንደሚመጣ አልተመከረበትም። ስለዚህ ፈረሰኞቹ ከመቶ ወደ ሃምሳ፣ ከሃምሳ ወደ ሃያ አምስት ሲወርዱ፣ ሊር ራሱ የሚበልጠውን ቁጥር የሰጠችውን ልጅ አብልጣ የምትወደኝ እሷ ናት ብሎ ያሰላል። በጎን ታሪኩም፣ ኤድመንድ ወንድሙ ይላል ብሎ ለአባቱ ለግሎስተር በሐሰት የሚነግረው ልጅ ለአካለ መጠን ሲደርስ ያረጀ አባት በልጁ ሞግዚትነት ሥር መዋል አለበት፣ ገቢውንም ልጁ ያስተዳድር የሚል ሐሳብ ነው። ይህ በዘመኑ ባዶ ፈጠራ አልነበረም። በ1603 እ.ኤ.አ. ብራያን አንስሊ የተባለ የኬንት ባላባት ታላቅ ልጁ አእምሮው ተነክቷል እንዲባል ስትጥር፣ ኮርዴል የተባለችው ታናሺቱ ተቃውማ ለባለሥልጣን ጽፋ ነበር። ሼክስፒር ጉዳዩን ሰምቶ እንደሆነ ማረጋገጥ ባይቻልም፣ የሞግዚትነቱ ሥጋት ተመልካቹ የሚያውቀው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ነገሩ ያን ያህል ውስብስብ አይደለም፤ የሊር ታላላቅ ልጆች ጎነሪልና ሪጋን ክፉዎች ናቸው፣ አርፓጎንም ገንዘብ አምላኪ ነው፣ ስለ ያልተነገረ ውል መፈላሰፍ በደልን ማለሳለስ ነው የሚል። የሊር ልጆች መጨረሻ ላይ በዐውሎ ነፋስ ሌሊት በር የሚዘጉ፣ በግሎስተር ዓይን መውጣትም እጃቸው ያለበት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ክፋታቸው መጨረሻውን ያብራራል እንጂ መጀመሪያውን አያብራራም። ፒተር ብሩክ በ1962 እ.ኤ.አ. ፖል ስኮፊልድን ሊር አድርጎ ሲያዘጋጀው ፈረሰኞቹ በእርግጥ ቤቱን የሚያውኩ ሆነው ታዩ፤ የጎነሪል አቤቱታም መሠረት ያለው ሆነ። ቴአትሩ በዚህ አልደከመም፤ ይልቁን ከበደ። ልጅቱ ከመጀመሪያው ጭራቅ ከሆነች ተመልካች ከአባት ጋር አልቅሶ ይሄዳል። ቤቷን የሚያተራምስ መቶ ሰው የተጫነባት፣ ነገር ግን አቤቱታዋን አባትን ለማዋረድ መሣሪያ ያደረገች ከሆነች ግን ተመልካቹ መቼ ላይ መስመሩ እንደ ታለፈ ለመፈለግ ይገደዳል። ስግብግብነት በየቤቱ ይኖራል፤ ጥያቄው በአንዱ ቤት ሲፈነዳ በሌላው ተዳፍኖ የሚቀርበት ምክንያት ነው።

የሊር ታሪክ ከቦታ ቦታ ሲሄድ የደረሰበት ለውጥም ለዚህ ምስክር ነው። በእንግሊዝ አገር ኔሁም ቴት በ1681 እ.ኤ.አ. መጨረሻውን ለውጦ ንጉሡን በሕይወት አቆየው፤ ታናሽ ልጁን ኮርዲሊያንም ዳራት። ይህ የተቃና ፍጻሜ ለመቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ መድረኩን ይዞ ቆየ። ለዘመኑ ተመልካች የሚያጽናና ቢሆንም ሒሳቡ ተዘግቶለት ነበር። በ1892 እ.ኤ.አ. ያዕቆብ ጎርዲን በኒው ዮርክ ለዪዲሽ መድረክ የጻፈው «አይሁዳዊው ንጉሥ ሊር» ደግሞ ነጋዴውን ዶቪድ ሞይሸሌን የቪልና ሰው አደረገው። በፉሪም በዓል ማዕድ ላይ ንብረቱን ለልጆቹ አከፋፍሎ ወደ ቅድስት አገር ይሄዳል፤ ሲመለስ በገዛ ቤቱ ለማኝ ይሆናል። ጎርዲንም በዕርቅ ጨረሰው። ልዩነቱ ግን የዕርቁ መንገድ ነው፤ አባቷ የናቀባትን ትምህርት ተከትላ ሐኪም የሆነችው ታናሺቱ ናት አባቷን የምታነሣው። ወላጆቻቸውን ውቅያኖስ ማዶ ትተው ለመጡ ስደተኞች የቀረበ መልእክት ነበር፤ ልጅ የሚጠቅመው በወረሰው ሳይሆን በሆነው ነው የሚል። በማራቲኛ ቋንቋ ደግሞ ኩሱማግራጅ የተባለው ደራሲ በ1970 እ.ኤ.አ. «ናትሰምራት»ን አቀረበ። ገናና የነበረ ተዋናይ ከመድረክ ሲሰናበት ያለውን ሁሉ ለልጆቹ ይሰጣል፤ ከወንድ ልጁ ቤት ይወጣል፣ በሴት ልጁ ቤት ደግሞ ገንዘብ ጠፍቶ በሌብነት ይጠረጠራል። ሁሉን የሰጠ ሰው ሰረቀ መባሉ የዚህን ዓይነት ቴአትር ጭካኔ ጥግ ያሳያል። ከሰጠ በኋላ የእሱ የሆነ ነገር ስለሌለ፣ የሚነካው ሁሉ የሌላ ሰው ንብረት ሆኗል።

እንግዲህ የነፈገው ይሳቅበታል፣ የሰጠው ይጠፋል። ሁለቱም መንገድ ከተዘጋ ጥፋቱ ከመስጠትና ከመንፈግ ውጭ መፈለግ አለበት። ይህን በግልጽ ያየው ቼኾቭ ነው። በ1899 እ.ኤ.አ. በሞስኮ የጥበብ ቴአትር በታየው «አጎቴ ቫንያ» ጡረታ የወጣው ፕሮፌሰር ቤተሰቡን ሰብስቦ፣ ርስቱን ሸጦ ገንዘቡን ትርፍ የሚያስገኝ ቦታ ማዋል እንደሚሻል እንደ ጉባኤ ንግግር ያቀርባል። ርስቱ የሟች ሚስቱ ጥሎሽ፣ በሕግም የልጁ የሶንያ ነው። የሟቿ ወንድም ቫንያ የራሱን ድርሻ ለእህቱ ብሎ የተወ፣ ዕዳውን በድካሙ የከፈለ፣ ለሃያ አምስት ዓመት በዓመት አምስት መቶ ሩብል እየተቆረጠለት ያስተዳደረ ሰው ነው። ደሞዙ አንድ ቀን እንኳ አለመጨመሩን ሲያነሣ ፕሮፌሰሩ ከየት ላውቅ እችል ነበር፣ የፈለግኸውን ያህል ራስህ መጨመር ትችል ነበር ይለዋል። የሚያስደነግጠው መልሱ ውሸት አለመሆኑ ነው። ቫንያ አልጠየቀም፣ ፕሮፌሰሩም አላሰበም፤ ሃያ አምስት ዓመት ያልተነገረ ሒሳብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሲገለጥ ሽጉጥ ይተኮሳል፣ እሱም ይስታል። እዚህ ስግብግብ የለም፤ ፕሮፌሰሩ ራስ ወዳድ ቢሆንም ሌባ አይደለም። የጎደለው በጊዜው የተባለ ቃል ነው።

የአሜሪካ መድረክ ይህን መስመር ወደ ገበያ ዘመን አመጣው። ቴነሲ ዊልያምስ በ1955 እ.ኤ.አ. ባቀረበው «ድመት በጋለ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ» ሃያ ስምንት ሺህ ኤከር መሬት ያለው አዛውንት ስልሳ አምስተኛ ልደቱን ሲያከብር ቤተሰቡ ካንሰሩን ደብቆታል። ታላቁ ልጅና ሚስቱ ልጆቻቸውን እንደ ማስረጃ አሰልፈው ርስቱን ይጠብቃሉ፤ አባት የሚወደው ግን ምንም የማይጠይቀውን ሰካራም ልጁን ነው። ከዚህ የጠለቀው የአርተር ሚለር «ዋጋው» ነው፤ በ1968 እ.ኤ.አ. የታየ። ሊፈርስ በተቃረበ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች የሟች አባታቸውን ዕቃ ለመሸጥ ይገናኛሉ፤ ዘጠና ሊሞላው የተቃረበው ገማች ሰለሞን ለሁሉም 1,150 ዶላር ያቀርባል። አባት በ1929ኙ የገበያ ውድቀት ከሰረ። ቪክተር እሱን ለመጦር ትምህርቱን አቋርጦ ፖሊስ ሆነ፤ ዎልተር ትቷቸው ሄዶ ስመ ጥር የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሆነ። ኋላ እንደሚገለጠው ግን አባት አራት ሺህ ዶላር ያህል ነበረው፤ ቪክተርም ይህን ከፊሉን ጠርጥሮ ነበር። ሚለር እዚህ የጦረውን ጻድቅ፣ የሄደውን ኃጢአተኛ አያደርግም። አባት ልጁ ይተወኛል ብሎ ገንዘቡን ደበቀ፤ ልጅም እንዳያውቅ ፈለገ፣ ካወቀ መሥዋዕትነቱ ትርጉም ያጣልና። ጥርጣሬው አባት ከሞተ ዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላም አልሞተም፤ ሒሳቡን ማወራረድ የሚችለው ሰው ስለሌለ ጭራሽ ጠነከረ።

የዘመናችን ቴአትር በዚህ ላይ የጨመረው የአእምሮን ጉዳይ ነው። ፍሎሪያን ዜለር በ2012 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ያሳየው፣ ኋላም አንቶኒ ሆፕኪንስ በፊልም ተጫውቶት በ2021 ኦስካር የተሸለመበት «አባት»፣ የመርሳት በሽታ የያዘውን አንድሬን ከውስጥ ያሳየናል። ሰዓቱ ይጠፋል፤ አስታማሚዋ ሰረቀችኝ ይላል። ልጁም መኖሪያ ቤቱን ልትወስድበት እንደምትፈልግ ይጠረጥራል። በሌላ ቴአትር ይህ ሕመምተኛ የሚናገረው ከንቱ ነገር ሆኖ ያልፍ ነበር። ዜለር ግን ልጂቱን በተለያዩ ተዋንያን ያቀርባታል፤ የቤቱ ዕቃ ከትዕይንት ወደ ትዕይንት ይጎድላል፤ ተመልካቹም ማንን እንደሚያምን አያውቅም። የመድረኩ ልዩ ኃይል እዚህ ላይ ይታያል። ልብ ወለድ የሰውን ውስጥ ሊነግረን ይችላል፤ ፍርድ ቤት ማስረጃ ይጠይቃል። ቴአትር ግን እኛን እማኝ አድርጎ ያስቀምጠንና በቂ ማስረጃ ሳይሰጠን ፍረዱ ይለናል፤ በቤተሰብ ውስጥ የሚኖር ሰው ሁሉ የሚገኝበት ቦታም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከኑሮ በኩል ይመጣል፤ ይህ ሁሉ ርስትና ሣጥን ያላቸው ሰዎች ጭንቀት ነው፣ የሚያወርሰው የሌለው ድሀ ከዚህ ነጻ ነው የሚል። የሚለር 1,150 ዶላር ብቻውን ለዚህ መልስ ይሆናል፤ ሙሉው መልስ ግን በሎሬይን ሃንስቤሪ «ዘቢብ በፀሐይ ላይ» ውስጥ ይገኛል፤ 1959 እ.ኤ.አ.። በቺካጎ ጠባብ ቤት የሚኖሩት ጥቁሮቹ ያንገሮች የሟች አባታቸውን አሥር ሺህ ዶላር የሕይወት መድን ይጠብቃሉ። አሮጊቷ እናት በከፊሉ ለቤት ቅድመ ክፍያ ትከፍላለች፤ ከቀረው 6,500 ዶላር ሦስት ሺሁን ለእህትህ ትምህርት አኑር፣ የተቀረው በእጅህ ይሁን ብላ ለልጇ ታስረክበዋለች። ሁሉንም ግን የልጁ ሸሪክ ይበላበታል። በሊር ሚዛን ቢታይ ይህ ቤት መፍረስ ነበረበት፤ አልፈረሰም። እናቲቱ ገንዘቡን ለፍቅር ዋጋ አላቀረበችም፤ ምን ለምን እንደሆነ ተናግራ አደራ ሰጠች። ስለዚህ ልጁ ሲያጠፋ ምን እንዳጠፋ ያውቃል፤ ሊመለስበት የሚችል ግልጽ ቦታ አለው። የሚያነጻጽረው ሰው ቤተሰብን የሚያጠፋው የገንዘቡ መጥፋት አለመሆኑን እዚህ በማያሻማ ሁኔታ ያገኘዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የእኛ ነው። በኢትዮጵያ ልጅ ጧሪ ቀባሪ ነው፤ የፈረንጅ ቤት ጭቅጭቅ ለእኛ መስታወት አይሆንም የሚል። ግዴታው የጠነከረ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግዴታ ሲጠነክር ጥርጣሬው አይጠፋም፣ አፍ ያጣል እንጂ። ሕጋችን ይህን ያውቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተናዛዥ ልጁን ከውርስ ሲነቅል ምክንያቱን በኑዛዜው እንዲገልጽ ያስገድዳል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ወላጅና ተወላጅ እርስ በርስ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። እምነት በቂ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ድንጋጌዎች ባላስፈለጉ። በዋሽንግተን ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠራ ልጅ በላከው ገንዘብ የተሠራ ቤት ካርታው በእናት ወይም በወንድም ስም ሲሆን፣ ማን ሠራው፣ ማን ጠበቀው፣ ማን አስታመመ የሚለው ጥያቄ ቤተሰቡ ለቅሶ እስኪቀመጥ ሳይነሣ ይቆያል። ሚለር የጻፈው ይህንኑ ነው፤ አንዱ ላከ፣ አንዱ ቆየ፣ ሁለቱም ከፈልኩ ይላሉ። መንግሥቱ ለማ በ«ጠልፎ በኪሴ»ና በ«ያላቻ ጋብቻ» የትዳርን ነገር በሳቅ ፈትሾ የአማርኛ ተመልካች በራሱ ላይ መሳቅ እንደሚችል አሳይቷል። የጡረታውና የውርሱ ጉዳይም ያንኑ ድፍረት ይፈልጋል።

የመጨረሻው ተቃውሞ በጣም የሚከብደው ነው። በወላጅና በልጅ መካከል ውል ይጻፍ፣ እማኝ ይቁም ማለት ፍቅርን ወደ ንግድ መለወጥ አይደለም ወይ? ታሪክ ተቃራኒውን ይናገራል። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ያረጁ ገበሬዎች መሬታቸውን ለልጃቸው ሲያስረክቡ በየዓመቱ የሚሰጣቸውን እህል፣ ልብስ፣ ማገዶና የሚያድሩበትን ክፍል ሳይቀር በአጥቢያው ፍርድ ቤት መዝገብ ያስጽፉ ነበር። ሕንድም በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ፣ ይጦረኛል በሚል ግልጽ ሁኔታ ንብረቱን ያስተላለፈ አረጋዊ ተቀባዩ ግዴታውን ካልፈጸመ ስጦታው እንዲሻር መጠየቅ እንዲችል አድርጋለች። እነዚህ ሰዎች ልጆቻቸውን የጠሉ አይደሉም። የተነገረ ውል ፍቅርን ከመለካት ይገላግለዋል፤ ማገዶው ተቆጥሮ ከተሰጠ በኋላ ሰላምታው ነጻ ነው። ውል ሁሉን ይፈታል ማለትም አይደለም፤ አንድሬን ምንም ሰነድ አያጽናናውም፣ የኤዲፐስንም ቁጣ ዳኛ አያበርደውም። ያም ቢሆን የእርጅናን ሐዘን ከክሕደት ሐዘን ለመለየት ያስችላል፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው ልጅ የሕመምን ጩኸት እንደ ስድብ፣ ወላጅ የልጅን ድካም እንደ ስርቆት የሚያየው።

በዚህ ሚዛን ሲለካ የዚህ ዘርፍ ደካማ ሥራ በቀላሉ ይታወቃል፤ መጋረጃው ሲከፈት ክፉው ማን እንደሆነ ይነግረናል፣ ሲዘጋም ተመልካቹን በሌሎች ላይ ፈርዶ ንጹሕ ሆኖ እንዲወጣ ያደርገዋል። ጠንካራው ሥራ የእያንዳንዱን ሰው ሒሳብ በእሱ በኩል ትክክል አድርጎ ያቀርብና ድምሩ ለምን እንደማይገጥም ያሳያል። ለአማርኛ መድረክ የሚጽፍ ሰው ከሊርም ከቫንያም የሚወስደው ትምህርት ይኸው ነው። ከሓዲ ልጅና የተበደለች እናት መሣል ዕንባ ያስገኝለታል። የጦረውን፣ የላከውን፣ የተጦረውንና የተረሳውን በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጦ አራቱም እውነት እንዲናገሩ ካደረገ ግን፣ ተመልካቹ ወደ ቤቱ ሲመለስ ከወላጁ ጋር ሊያነሣው የሚገባውን ጥያቄ ይዞ ይሄዳል።